ካርዱ ቶሎ የሚያልቀው በውሃ ማፍያው ነው? (አዳማ)

የመናኸሪያ ሻይ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ሥራ የምጀምረው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ሾፌሮቹና ረዳቶቹ መኪና ሳያስነሱ ትኩስ ነገር ይፈልጋሉ። እስከ አምና ድረስ በከሰል ነበር የማፈላው። ዘንድሮ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ገዛሁ። 1.7 ሊትር ይይዛል፤ ሥሩ ላይ 2000 ዋት ይላል።

ችግሬን ልንገራችሁ። ቆጣሪዬ በካርድ ነው። ውሃ ማፍያውን ከገዛሁ በኋላ ለአምስት ወር ያህል ካርዱ ወሩን ያደርስልኝ ነበር። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ግን በሃያ ቀን ያልቃል። ሥራዬ አልጨመረም፤ ደንበኞቼም እነዚያው ናቸው። ቤቷ ውስጥ ያለው አንድ አምፖል፣ አንድ ትንሽ ፍሪጅና ይኸው ውሃ ማፍያ ነው። ምጣዴ ያለው መኖሪያ ቤቴ ነው፤ የዚያ ቆጣሪ ሌላ ነው።

ጎረቤቴ «ውሃ ማፍያ መብራት ይበላል፣ ወደ ከሰልሽ ተመለሺ» ትለኛለች። እውነት ነው? 2000 ዋት በጣም ብዙ ነው? የምታውቁ አስረዱኝ። በቀን 15 ጊዜ ያህል አፈላበታለሁ።

ፍራንኮ ሰፈር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡02

ጎረቤትሽ ልክ ናት። 2000 ዋት ቀልድ አይደለም። ስንት አምፖል ያበራ ነበር! ሸጠሽው 1000 ዋት የሆነ ትንሽ ውሃ ማፍያ ግዢ። ወጪሽ በግማሽ ይቀንሳል።

የፊዚክስ መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ወንድሜ ፍራንኮ፣ ይህን ነገር ተማሪዎቼም ሁሌ ይሳሳቱበታል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ዋት ፍጥነት ነው፤ መጠን አይደለም። ሁለት ቧንቧ አስብ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። በሁለቱም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙላ። በሰፊው ቶሎ ይሞላል፤ በጠባቡ ቆመህ ትጠብቃለህ። የምትከፍለው ግን ለዚያው ለ20 ሊትር ነው። ውሃ ማፍያም እንደዚያ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ዋቱ በሰዓት ተባዝቶ የሚመጣውን ነው፤ 1000 ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይባላል። 2000 ዋቱ በ3 ደቂቃ የሚጨርሰውን 1000 ዋቱ በ6 ደቂቃ ይጨርሳል። እንዲያውም የዘገየው ትንሽ ይብሳል። ውሃው እስኪሞቅ ድረስ በጎንና በአናት የሚያመልጠው ሙቀት ጊዜ ያገኛላ።

ሒሳቡ ይሄ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል (ይህም የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ያስፈልጋል። የአዳማ የቧንቧ ውሃ 22 ዲግሪ ነው እንበል። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 94 ወይም 95 ዲግሪ ላይ ነው፤ 100 አይደርስም። አዲስ አበባ ደግሞ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ እዚህ የምናሞቀው በ72 ዲግሪ ነው። 72 በ4.2 ሲባዛ 302 ኪሎጁል ይሆናል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3600 ኪሎጁል ስለሆነ፣ ለ3600 ሲካፈል 0.084 ኪሎዋት ሰዓት። ዕቃው ራሱ የሚወስደውንና በእንፋሎት የሚወጣውን ጨምሩበት፤ ለአንድ ሊትር 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አሥር ሊትር ውሃ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው።

ውሃ በኤሌክትሪክ ለማፍላት ከዚህ ብዙ የተሻለ ዕቃ የለም። ማሞቂያው የሚነካው ውሃውን ወይም ውሃው የተቀመጠበትን ብረት ነው። ሙቀቱ ሌላ መሄጃ የለውም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ድስት ስትጥዱ ግን ሸክላው ይሞቃል፣ ሽቦው ወደ ጎን ያበራል፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ ከዚያ የተረፈው ነው ወደ ውሃው የሚገባው።

እህቴ፣ በአንቺ ቁጥር ብንሄድ 15 ጊዜ ሙሉውን 1.7 ሊትር ብታፈዪ እንኳ በቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ነው። ለአምስት ወር ደህና ሠርቶ ድንገት ከተለወጠ፣ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። እሱን እንፈልግ።

ጥገና በእጄ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

መምህር በደንብ አስረድተዋል። እኔ የቤት ዕቃ ጠጋኝ ነኝ፤ ምድጃ፣ ካውያ፣ ውሃ ማፍያ። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፦ ቆጣሪሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል። 1000 ወይም 1600 ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። 1000 ካለ፣ መብራቷ 1000 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት አለቀ ማለት ነው። ፍሪጁን ለጊዜው ንቀዪው፣ አምፖሉን አጥፊ፣ አንድ ሊትር ውሃ ለክተሽ ጣጂና ብልጭታውን ቁጠሪ። ብቻሽን ከሆንሽ ሰው አስቆጥሪ።

ሁለተኛ፦ ውሃው ሲፈላ ራሱ ቀጭ ብሎ ይጠፋል? ወይስ አንቺ ነሽ የምታጠፊው?

የመናኸሪያ ሻይ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡40

ወንድሜ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ አስደነገጠኝ። አይጠፋም! ድሮ ይጠፋ ነበር። የክዳኑ ማጠፊያ ተሰብሮ ክዳኑ ወልቆ ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ነው የምከድነው። ሲንተከተክ አይቼ በእጄ አጠፋዋለሁ። መቼ ተሰበረ ብዬ ሳስብ… ሁለት ወር ሆኖታል።

ቆጣሪዬ 1000 ይላል። ዛሬ ጠዋት ሥራ ቀለል ሲል ታናሽ እህቴን ከቆጣሪው ሥር አቆምኳት። አንድ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ለካሁ። እንደ ሌላው ቀን ሥራዬን ሠራሁ። ውሃው ሲንተከተክ 101 ነበር። እኔ ለሦስት ሰው ሻይ ቀድቼ፣ ሒሳብ ተቀብዬ፣ መልስ ሰጥቼ ስመለስ 290 ደርሷል! ከአንድ ሊትሩ ሰባት ብርጭቆ ይወጣኝ ነበር። አምስት ብቻ ወጣኝ። ግድግዳው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። እስከ ዛሬ በዝናቡ ነው እያልኩ ነበር።

ጥገና በእጄ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡05

አገኘነው።

እህቴ፣ ውሃ ማፍያው ውሃው መፍላቱን የሚያውቀው ውሃውን ለክቶ አይደለም። እንፋሎቱን ነው የሚያሸተው። ከውስጥ በእጀታው በኩል፣ ከላይ ወደ ክዳኑ ጠጋ ብሎ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ አለ። ባትሪ አብርተሽ እዪው። ከእሱ ቀጭን ቱቦ ተነስቶ ወደ ማጥፊያው ይወርዳል። ክዳኑ ሲገጥም እንፋሎቱ ሌላ መውጫ ስለሚጠብበት በዚያ ቱቦ ይገፋል። መጨረሻው ላይ ከአሥር ሳንቲም ብዙ የማትበልጥ ስስ ብረት ተቀምጣለች። ሁለት ዓይነት ብረት አንድ ላይ ተጣብቆ ነው የተሠራችው። ሙቀት ሲነካቸው አንደኛው ከሌላው የበለጠ ይለጠጣል። ተጣብቀዋልና አብረው ይጎብጣሉ። የተወሰነ ሙቀት ላይ ስትደርስ በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ጎኗ ትገለበጣለች። ቀጭ የሚለው ድምፅ የእሷ ነው። ማጥፊያውን ገፍታ መብራቱን ትቆርጠዋለች።

ሳህን ስትከድኚ እንፋሎቱ በሳህኑ ዙሪያ ይወጣል። ወደ ቀዳዳው አይገፋም። ብረቷ አትሞቅም። ውሃ ማፍያሽ አልተበላሸም፤ መልእክተኛው ነው የጠፋበት።

ይሄ ዘዴ አዲስ አይደለም። ራስል ሆብስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1955 (በፈረንጆቹ) ራሱ የሚጠፋ ማንቆርቆሪያ ሲያወጣ የተጠቀመው ይህንኑ ነው፤ እንፋሎት በቀዳዳ ወደ ሁለት ዓይነት ብረት። እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጡት አብዛኞቹ ውሃ ማፍያዎች በዚያው ዘዴ ነው የሚሠሩት። ስንት ነገር ተቀይሮ ይቺ ትንሽ ብረት አልተቀየረችም። በጣም ነው የምወዳት።

ከሥርም ሌላ እንደሷ ያለች አለች። እሷ የምትሠራው ውሃው ሲያልቅ ነው። ደረቁን እንዳይነድ ትቆርጠዋለች። አሁን የጠበቀችሽ እሷ ብቻ ናት። በእሷ አትተማመኚ፤ ደጋግማ ስትሠራ ትደክማለች።

የፊዚክስ መምህር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

የታናሽ እህትሽን ቆጠራ ለነገ ክፍለ ጊዜዬ ልወስደው ነው፤ ፈቃድሽ ይሁን።

እዩት። እስኪፈላ 101 ብልጭታ። ይህ ትናንት ካሰላነው 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ጋር አንድ ነው። ከፈላ በኋላ የባከነው ደግሞ 189፤ ከማፍላቱ ወደ እጥፍ የሚጠጋ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ አይሞቅም። አንድ ሰዓት ብታንተከትኪው ያው 94 ወይም 95 ዲግሪ ነው። የሚገባው ኃይል ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። ይህ ደግሞ ብዙ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ለማፍላት 302 ኪሎጁል ብለን ነበር። ያንኑ ሊትር እንፋሎት ለማድረግ 2260 ያህል ነው፤ ከሰባት እጥፍ በላይ።

189 ብልጭታ 680 ኪሎጁል ነው። ለ2260 ሲካፈል 0.3 ሊትር። ሁለት ብርጭቆ! ሰባት የነበረው አምስት የሆነው በዚህ ነው። የቆጣሪው ቁጥርና የብርጭቆው ቁጥር ተገናኙ።

በቀን 15 ጊዜ፣ በየጊዜው 3 ደቂቃ ብቻ ብትዘገዪ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይባክናል። በወር 45። ካርድሽ አሥር ቀን ቀድሞ የሚያልቀው በዚህ ነው።

ፍራንኮ ሰፈር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

የጀሪካኑ ነገር ገብቶኛል። እህቴን ዕቃዋን ላሸጣት ነበር። ይቅርታ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እኔ ቤት ክዳኑም ደህና ነው፣ ማታ ማታ ግን ለማፍላት በጣም ይቆያል። ጠዋት 3 ደቂቃ፣ ማታ 5 ደቂቃ። መብራቱ ነው ዕቃው?

ጥገና በእጄ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡25

መብራቱ ነው። ማታ ሁሉም ቤት ምድጃና ምጣድ ሲያበራ ቮልቱ ይወርዳል። ቮልት በትንሹ ሲወርድ ዋቱ በብዙ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ቢሆን 2000 ዋቱ 1340 ገደማ ይሆናል። ውሃው ያንኑ ያህል ኃይል ነው የሚፈልገው፤ መድረሻው ነው የሚረዝመው። ካርድህ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው።

ዲቫይደርህን ግን ልጠይቅህ። ውሃ ማፍያውን የሰካኸው ከምን ጋር ነው? 2000 ዋት 9 አምፔር ይስባል። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ዲቫይደሮች ሽቦ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ያመጡልኝ ዲቫይደር ነጭ የነበረው ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ሆኗል። የውሃ ማፍያው ሹካ አንድ እግር ፕላስቲኩ ውስጥ ቀልጦ ተጣብቋል። በጉጠት ነው ያወጣሁት። «ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር» አሉኝ። ፕላስቲክ ሲቃጠል እንደዚያ ይሸታል። ያንን ሽታ ያሸተተ ሰው ወዲያው ብሬከሩን ያውርድ። ውሃ ማፍያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰካ፤ ብቻውን።

እናት ጓዳ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

ልጆቼ፣ ዕድሜያችሁ ይርዘም፤ ብዙ ተማርኩ። ነገር ግን ከሰልን እንዲህ አታጣጥሉት። መብራት ሲጠፋ ማን ነው የሚደርስላችሁ? ላቀች ምድጃ ላይ አንዴ ያቀጣጠልኩት ከሰል ሻዩንም ቡናውንም ወጡንም ያደርስልኛል። ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበት ሻይ ደግሞ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ ነው የሚጥመው። በዚህ ቀጭ በሚለው ዕቃ እንዴት አድርገሽ ነው ቅመሙን የምታወጪው?

የመናኸሪያ ሻይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እማ፣ እውነትዎን ነው። መብራት የሚጠፋ ቀን አሁንም ከሰል አወጣለሁ። ቅመሙን ግን ውሃ ማፍያው ውስጥ አልጨምርም። የፈላውን ውሃ ፔርሙስ ውስጥ እገለብጠዋለሁ፤ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ቀድሞ እዚያ ይቆያል። ሩብ ሰዓት ሲቀመጥ ውሃው ቡናማ ይሆናል፤ ሽታው ክዳኑን ሲከፍቱት ይመታል። ከዚያ ሻይ ቅጠሉን። ደንበኞቼ ልዩነት አላገኙበትም።

ከሰል የተውኩት ለዋጋው ብዬ ብቻ አይደለም። ሌሊት 11 ሰዓት ብርድ ስለሆነ በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር የማቀጣጥለው። አንድ ቀን ራሴን አዞረኝ። ተነስቼ እወጣለሁ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። አንድ ረዳት ነው ጎትቶ ያወጣኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ለውሃ ማፍያው ገንዘብ ማጠራቀም የጀመርኩት።

እናት ጓዳ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡12

እግዚአብሔር ያተረፈሽ! ልጄ፣ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ስለ ከሰል አልከራከርሽም ነበር። የፔርሙሱን ዘዴ ነገ እሞክረዋለሁ።

የፊዚክስ መምህር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ራስሽን ያዞረሽ ከከሰሉ የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ ካለቀ በኋላ፣ ፍሙ ቀልቶ አምሮ ሳለ ነው ሰው የሚዘናጋው፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። በከሰል የምታፈሉ በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ከተቻለ ደጅ።

ፔርሙሱ ለካርድሽም ትልቅ ነገር ነው። የፈላ ውሃ ቀዝቅዞ ደግሞ ሲፈላ የመጀመሪያውን ሙቀት ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍይበት።

የወንጂ ልጅ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ስለ ውሃው የምጨምረው አለኝ። ውሃ ማፍያችሁ ሥር ነጭ ቅርፊት የሚይዝባችሁ አላችሁ? ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲሞቅ እየተለየ የሚጋገረው ነው። እኛ ቤት በሎሚ ነው የምናነሳው። የሁለት ሎሚ ጭማቂ ከግማሽ ሊትር ውሃ ጋር አፍልቶ ግማሽ ሰዓት መተው፤ ከዚያ ደፍቶ ሁለቴ ንጹህ ውሃ አፍልቶ መድፋት። አቼቶም ይሠራል፣ ሽታው ግን ይቆያል። በብረት መፋቅ አይሆንም።

ሌላው ከባድ ነው። እኔ ያደግኩት ወንጂ ነው። የኛን ዘመን ሰዎች ጥርስ ያየ ያውቃል፤ ቡናማ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ብዙ ሰው «አፍልቼ ነው የምጠጣው» ይላል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያወጣም። ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል፤ እንዲያውም ይወፍራል። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ ለልጆች እሱን አፍሉላቸው፤ የጉድጓዱን ለእጥበት።

ጥገና በእጄ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡50

ስለ ቅርፊቱ ትክክል ነህ። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ ሰዎች ቅርፊት ካርድ ይጨርሳል ይላሉ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሙቀቱ ዞሮ ዞሮ ውሃው ውስጥ ነው የሚገባው። ጉዳቱ ማሞቂያው ላይ ነው። ቅርፊቱ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ያቺ የሥሯ ብረት ውሃ ያለቀ መስሏት ሳይፈላ ትቆርጠዋለች። «ሳይፈላ ይጠፋብኛል» ብለው ከሚያመጡልኝ ብዙዎቹ ሎሚ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። ገንዘብ አልቀበልበትም።

ፍራንኮ ሰፈር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 5፡30

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ዛሬ የነፋስ ማመንጫዎቹን በሌላ ዓይን አየኋቸው። አዳማ አንድና ሁለት በድምሩ 204 ሜጋዋት ነው፤ እያንዳንዱ ማማ 1.5 ሜጋዋት። አንዱ በሙሉ ኃይሉ ሲዞር የዚህችን እህታችንን ዓይነት 750 ውሃ ማፍያ በአንድ ጊዜ ያፈላል። ያ ዓይናችንን በአቧራ የሚሞላው ነፋስ ሻይ ያፈላል ማለት ነው። ደስ አለኝ።

የመናኸሪያ ሻይ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ወገኖቼ፣ መልስ ላምጣ።

ክዳን ብቻውን የሚሸጥ አላገኘሁም። ሁለት ሱቅ «ክዳን ብቻ የለም፣ አዲስ ግዢ» አሉኝ። ጥገና በእጄ በውስጥ መስመር በነገረኝ መሠረት አሮጌ ዕቃ የሚገዙት ጋ ሄድኩ። ሥሩ የተቃጠለ፣ የኔው ዓይነት ውሃ ማፍያ ተገኘ። ክዳኑን ነቅለው በትንሽ ብር ሰጡኝ። ማጠፊያው ትንሽ ይጠብቃል፣ ግን ይገጥማል።

ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት አንድ ሊትር ጣድኩ። እህቴ ቆጣሪው ሥር ቆመች። እኔ ሆን ብዬ ወጥቼ አግዳሚውን ወለወልኩ። ውጭ ሆኜ ቀጭ ሲል ሰማሁት። «ስንት?» አልኳት። «104» አለች። ሰባት ብርጭቆ ወጣው።

እህቴ አሁን ቆጠራው ለምዶባታል። ነገ እሑድ ምጣዱን እንቆጥራለን ብላኛለች፤ ቁጥሩን አመጣላችኋለሁ።